ወጀቡን ሳተላይቱ አየው፤ ለባምባሲ ገበሬ ማን ነገረው?

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ አንድ ነፃ ጋዜጠኛ ክረምቱ ሊገባ ሲል በባምባሲ ከተማ ገበሬዎች፣ መምህራንና የግብርና ሠራተኞች በተገኙበት ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር ነው። ለጋዜጣው እንዲመጥን ጥቂት ከማሳጠራችን በቀር ቃሉን አልለወጥንም።)

ለባምባሲ ሰው ስለ ዝናብ ማውራት «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ላስተምር አልመጣሁም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሙያዬ መጠየቅ ነው። ይዤላችሁ የመጣሁትም አንድ ጥያቄ ነው። ወጀብ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ያየውስ ለምን አይነግረንም?

«ዝናብ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እስማማለሁ። ዝናቡ የፈጣሪ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን የሰው ሥራ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ሰው መሥራት ሲገባው ስላልሠራው ሥራ ነው።

ከድርቅ ሸሽቶ በረዶ

ከእናንተ መሃል ብዙዎቻችሁ ወይም ወላጆቻችሁ እንዴት እዚህ እንደመጣችሁ አገር ያውቀዋል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የደርግ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ እያነሣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። አሶሳና ባምባሲ ከሰፈራው ቦታዎች መሃል ነበሩ። ከመንደሮቹ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በርታውና ማኦው ከጥንት በኖረበት ምድር ላይ ዝናብ የከዳው ወሎዬ ዝናብ ፍለጋ መጥቶ ሰፈረ ማለት ነው።

ዝናቡ ተገኘ። እዚህ ከሚያዝያና ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይጥላል፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በበልግና በክረምት መሃል እያቆራረጠ ሲጠብቀው የኖረው ውሃ እዚህ በአንድ ረጅም ክረምት ሳይቆራረጥ ይወርዳል። አዛውንቶቹን ሳነጋግር የሚነግሩኝ ግን ሌላ ነው። ያኔ ሰማዩ ነፈገን፤ አሁን ደግሞ የሰጠንን በአንድ ከሰዓት መልሶ ይወስድብናል ይላሉ።

የሚወስደው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በቆሎ ጸጉር ባወጣበት ሰሞን በረዶ ይመጣና ቅጠሉን እንደ ጨርቅ ይተለትለዋል። ማሽላ ራስ ሲይዝ ነፋስ ያጋሽበዋል። ሰሊጥ ታጭዶ ተከምሮ ሳለ የጥቅምት ዶፍ ይወርድበታል። በርበሬው ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። መብረቁ ደግሞ እረኛውንና ከብቱን ከአንድ ዛፍ ሥር አብሮ ይወስዳል።

ድርቅ ሲሆን ዓለም ያውቃል። ድርቅ ወራት ስለሚፈጅ ጋዜጠኛውም፣ ረድኤት ድርጅቱም፣ ባለሥልጣኑም ይደርስበታል። ወጀብ ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። በማግስቱ ፀሐይ ትወጣለች፤ ሣሩ ለምለም ነው፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው «አቤት፣ ይህ አገር እንዴት ያምራል!» ይላል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉርሥ ግን እዚያው ልምላሜ ውስጥ ተኝቷል።

ወጀቡ ከየት ይመጣል?

በክረምት ከደቡብ ምዕራብ፣ ከኮንጎ ደኖችና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኩል እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ወደኛ ይነፍሳል። የወለጋን ተራራና አምባ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ታሞቀዋለች። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣና እንደ ተራራ የተቆለለ ደመና ይሠራል። ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ከባሕር ወለል 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ውሃው መቀዝቀዝና መርጋት ይጀምራል። ሽቅብ የሚነፍሰው አየር የረጋውን ጠብታ እያነሣ እየጣለ፣ ውሃ እየለበሰ እየወፈረ፣ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። በረዶ ማለት ይኸው ነው። እዚያው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይከማቻል፤ መብረቅ የምንለው እሱ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። በክረምት ከታች ያለው ነፋስ ከምዕራብ ይምጣ እንጂ ከላይ፣ ደመናውን የሚነዳው ነፋስ የሚነፍሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹና ዕድሜ ያላቸው ወጀቦች ብዙ ጊዜ ከወለጋ ከፍታ ተነሥተው፣ ዳቡስን ተሻግረው፣ በባምባሲ አልፈው ወደ ሱዳን ይሄዳሉ። ሁሉም አይደሉም፤ እዚሁ አናታችን ላይ ተወልዶ እዚሁ የሚፈርጥም አለ። የብዙዎቹ መንገድ ግን የታወቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት አዛውንት ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1992 ዓ.ም. ክረምት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ «አልቤርቶ» የተባለ ታላቅ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። አሜሪካኖች ሚያሚ በሚገኘው የአውሎ ነፋስ ማዕከላቸው ቀን ከሌሊት ተከታተሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች የሳተላይት ሥዕሎቹን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሲሄዱ የአውሎ ነፋሱ መነሻ የት ተገኘ? የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የተወለደ የወጀብ ደመና ሆኖ ተገኘ። እኛ አገር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ባሕር ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ከኛ ሰማይ የተነሣን ወጀብ ባሕር ማዶ ያለ ሰው በሰዓታት ቆጥሮ፣ ስም አውጥቶ፣ በካርታ አስምሮ ይከታተለዋል። የባምባሲ ገበሬ ግን ወጀቡ አናቱ ላይ እስኪደርስ የሚነግረው የለም።

ያየ አለ፤ የሚናገር ግን የለም

«መሣሪያ የለም እኮ» ይባል ይሆናል። መሣሪያማ አለ። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጡት «ሜቴዎሳት» የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች አፍሪካን በሙሉ በየ15 ደቂቃው ፎቶ ሲያነሡ ስንት ዓመታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው አዲሱ ትውልድ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ያነሣል፤ የመብረቅ ብልጭታ እየለቀመ የሚቆጥር መሣሪያም ተሸክሟል። ሥዕሉ ለአፍሪካ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች በነፃ ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ባለሙያ መንዲ ላይ ደመና ሲቆለል ማየት ይችላል።

ባለሙያም አላጣንም። የኛው ልጅ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ አሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ የሳተላይቱን መረጃ ከመሬት ጣቢያው መረጃ ጋር አዋሕዶ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ጭምር የዝናብ ታሪክ የሚሠራውን «ኢናክትስ» የተባለ ዘዴ ካስፋፉት ሰዎች ዋናው ናቸው። ዘዴው ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሮ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተርፏል። ዕውቀቱ ከኛ ቤት ወጥቶ ለጎረቤት ከደረሰ፣ ባምባሲ ለመድረስ ምን ጎደለው?

ራዳርም አለ ተብለናል። አዎ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ራዳር ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ሻውራ ላይ በጣና በለስ ፕሮጀክት ተተክሏል። መልካም ነው። ነገር ግን ከሻውራ እስከ ባምባሲ በአየር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የራዳር ጨረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። እንዲህ ያለ ርቀት ላይ ጨረሩ ከዝናቡ በላይ ያልፋል። ሻውራ ባምባሲን ታያለች ማለት ባልኮኒ ላይ ቆሞ የሳጥን ውስጥ ዕቃ እንደማየት ነው።

የመሬቱስ ጣቢያ? በአብዛኛው የዝናብ ጣቢያ ሥራው ይህ ነው፤ ተመልካቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መጥቶ ባለፉት 24 ሰዓታት የተጠራቀመውን ውሃ ለክቶ ይጽፋል። ለድርቅ ጥናት በቂ ነው። ለወጀብ ግን? 60 ሚሊ ሜትር ሙሉ ሌሊት ሲያካፋ ያደረ ዝናብና 60 ሚሊ ሜትር በ40 ደቂቃ ማሳ ጠርጎ የወሰደ ዶፍ መዝገቡ ላይ አንድ ናቸው! አንዱ በረከት ነው፤ ሌላው መቅሠፍት ነው። መዝገቡ አይለያቸውም። መዝገብ ያልለየውን ደግሞ መንግሥት አያውቀውም፤ ያላወቀውንም አይክስም።

ነገሩ ሥር አለው። የአገራችን ሜትሮሎጂ በ1940ዎቹ በሲቪል አቪዬሽን ውስጥ እንደ አንድ ትንሽ ክፍል የተቋቋመው ለአውሮፕላን ነበር። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ስሙ ተለዋውጧል። የሚያሳዝነው ግን አብራሪው እስከ ዛሬ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ደመና ይነገረዋል፤ በሬ ጠምዶ የሚወጣው ገበሬ አይነገረውም።

«ምዕራብ ኢትዮጵያ» ማለት የት ነው?

አይነገረንም ስል ፈጽሞ ዝም ተብሏል ማለቴ አይደለም። ክረምት ሊገባ ሲል የወቅቱ ትንበያ ይወጣል። ትንበያው ዝናቡ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች» የመሆን ዕድሉ በመቶኛ ይህን ያህል ነው ይላል። ለማዳበሪያና ለዘር ዕቅድ ይጠቅማል። ቀጥሎ ሬዲዮኑ «በምዕራብ ኢትዮጵያ አንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ይላል።

ለመሆኑ ይህ «ምዕራብ ኢትዮጵያ» የሚባለው አገር የት ነው? ከጋምቤላ እስከ መተከል ያለው ሁሉ ነው? «አንዳንድ ቦታዎች»ስ እነማን ናቸው? እኔ ማሳ ናቸው ወይስ የጎረቤቴ? በክረምት ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ማለት በጾም ወቅት ሥጋ አይበላም እንደማለት ነው። ገበሬው ማወቅ የሚፈልገው ዛሬ ከሰዓት ነው። ሰሊጤን ላንሣ ወይስ ይደር? ልጄን ከከብቱ ጋር ወደ ዳቡስ ልላክ ወይስ ላስቀር? ኬሚካል ልርጭ ወይስ ዝናቡ አጥቦ ይወስድብኛል?

በየትኛው ቋንቋስ ነው የሚነገረው? ባምባሲ ውስጥ ሩጣና አለ፣ ማኦ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ አማርኛ አለ። በ2006 ዓ.ም. «8028» የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ጅምሩን አመሰግናለሁ። መብረቅ ግን ሰውን በቋንቋ አይመርጥም።

የውሃው ነገር ደግሞ አለ። ዳቡስ የዓባይ ገባር ነው። ከባምባሲ ምሥራቃዊ ማሳዎች የሚወርደው ጎርፍ በዳቡስ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ጉባ ላይ በታላቁ ግድብ ይያዛል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እኔም እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል። የውሃው ልክ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በየቀኑ ይቆጠራል። ውሃው ግድቡ ሲደርስ በሜትር ኪዩብ የሚቆጠር ከሆነ፣ የገበሬው ማሳ ላይ ሲወርድስ ለምን አይቆጠርም? አፈሩን እኮ አብሮ ነው የሚወስደው!

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

አገራችን ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የተማረችው፤ ወይም መማር ሲገባት አልተማረችውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዝናቡ የጣለው ተራራው ላይ ነበር፤ ሰው ያለቀው ግን ከታች ከተማው ውስጥ በተኛበት ነው። በዝናቡና በሞቱ መሃል ጊዜ ነበረ። ያ ጊዜ ለማን ዋለ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ተቀበሩ። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ለማዳን በእጃቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደፈናቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሐዘን ቀን ታወጀ፤ ባለሥልጣን ሄደ፤ ድንኳን ሄደ፤ ካሜራ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸው ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ግን ዋናው ሥራ ከአደጋ በኋላ መሯሯጥ ሳይሆን አስቀድሞ መከላከል ነው ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። የሚያነበው አጣ እንጂ።

ወሎዬው ወገኔ ከዚህም የባሰ ያስታውሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ አፍኖ ነበር፤ ዓለም ያወቀው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ሲያሳይ ነው። ያንን ረሃብ ካጠኑት አንዱ የሆኑት ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በኋላ ደጋግመው የጻፉት፣ ነፃ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ታላቅ ረሃብ አይከሰትም የሚል ነው። የሰማይ ወሬም ወሬ ነው። የታፈነም ሆነ ችላ የተባለ፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ወሬ የማፈን ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማለቂያ ጀምሮ ለሦስት ወር ገደማ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ምክንያቱ ጸጥታ ነው ተባለ። በጸጥታው ላይ ልከራከር አልመጣሁም። ግን ልብ በሉ፤ ወጀባችን የሚመጣው ከዚያው አቅጣጫ ነው። ያ ስልክ የተቋረጠው በበጋ ሆኖ እንጂ በክረምት ቢሆን፣ ከመንዲ ወደ ባምባሲ «መጣባችሁ!» የሚል ሰው በምን ይደውል ነበር? ስልክ የሚዘጋ ባለሥልጣን ሲዘጋ የሚዘጋው የጠላቱን አፍ ብቻ አይደለም። የእረኛውን እናት ጆሮም ይዘጋል።

ድሃ አገር ያደረገውን

«እኛ ድሃ ነን» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ባንግላዴሽን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ እዚያ 300,000 እና ከዚያ በላይ ሰው ፈጀ። ሁለት ዓመት ቆይተው በጎ ፈቃደኞች አደራጁ። ለፈቃደኛው የተሰጠው ራዳር አይደለም፤ የእጅ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ነው። አደጋው ሲቀርብ የባንዲራው ቁጥር ይጨምራል፤ ፈቃደኛው በየሰፈሩ እየዞረ ይጮኻል። ዛሬ ያን የመሰለ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሚሊዮኖች አስቀድመው ይሸሻሉ፤ ሟቹም በመቶ ሺህ መቆጠሩ ቀርቷል። ጎረቤታችን የቪክቶሪያ ሐይቅም አለ። የሌሊት ወጀብ ዓሣ አጥማጆችን ይጨርስ ነበር። ከ2017 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ፕሮጀክት ማስጠንቀቂያው በሚገባቸው ቋንቋ ጀልባ ማሠሪያው ድረስ እንዲደርስ ተደረገ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ተርፏል።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት አንቶኒዮ ጉተሬስ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስከ 2027 ማብቂያ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው የሚል ዕቅድ አስታውቀዋል። ከመጀመሪያዎቹ 30 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። «ሁሉም ሰው» ሲባል ባምባሲም አለችበት። እንጠይቅ።

እኛ ምን እናድርግ?

መንግሥትን ብቻ እየወቀስኩ ብሄድ ውሸታም እሆናለሁ። ነገ ጠዋት ልንጀምረው የምንችለው አለ።

አንደኛ፣ ስልክ። ከነጆ እስከ ባምባሲ በአየር ወደ 90 ኪሎ ሜትር፣ ከመንዲ እስከ ባምባሲ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ወጀቡ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝ ከነጆ ሁለት ሰዓት፣ ከመንዲ አንድ ሰዓት አለን። በየከተማው ሁለት ሁለት የታመኑ ሰዎች ይመረጡ፤ መምህር ይሁን፣ ባለሱቅ ይሁን። ከባድ ነገር ሲያልፍባቸው ወደ ምዕራብ ይደውሉ፦ ነጆ ለመንዲ፣ መንዲ ለባምባሲ፣ ባምባሲ ለአሶሳ። መንዲ ኦሮሚያ ነው፣ ባምባሲ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ደመናው ዳቡስን ሲሻገር መታወቂያ አይጠየቅም እለዋለሁ። ባለፉት ዓመታት በግጭት የተራራቀ ጎረቤት እንደገና የሚነጋገርበት ሰበብ ከሆነም እሰየው።

ሁለተኛ፣ ድምፅ። ወሬው ባምባሲ ከደረሰ በኋላ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለ፤ የትምህርት ቤቱም አለ። ለወጀብ የተለየ ምልክት እንስማማ። ሼሆቹም ቀሳውስቱም እንቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ነፍስ ማዳን ነው።

ሦስተኛ፣ ደብተር። መምህራን፣ ይህ የእናንተ ነው። በየትምህርት ቤቱ አንድ ዝናብ መለኪያና አንድ ደብተር ይኑር። የሚጻፈው የጠዋቱ ልክ ብቻ አይሁን፤ ወጀቡ በስንት ሰዓት ጀመረ፣ በስንት ሰዓት አባራ፣ ከየት አቅጣጫ መጣ፣ በረዶው ሽምብራ ያክላል ወይስ ባቄላ፣ የስንት ሰው ማሳ ተመታ? እኔ በራሴ ደብተር ስሞክረው ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ የበረዶ ጉዳት ለማስመዝገብ ከተጎጂዎች ጋር አንድ ቢሮ ስንሄድ ቅጹ ላይ ድርቅ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ተምች አለ፤ በረዶ የሚል ቦታ የለም ተብለን ተመልሰናል። ተመልከቱ፤ ቅጽ የሌለው ጉዳት ጉዳት አይደለም! የተማሪ ደብተር ግን በየዓመቱ ሲከማች ቅጹን ያስለውጣል።

አራተኛ፣ መብረቅ። ይህን ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ንገሩ። ብልጭ ሲል መቁጠር ይጀምሩ። ሦስት ሲቆጥሩ ከተሰማ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ቀርቧል፤ ሜዳውን ለቀው ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ። ከሁሉ በላይ የማንጎው ዛፍ ሥር አይጠለሉ! ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም የምንሮጠው ወደዚያ ነው፤ መብረቁም የሚመርጠው ረጅሙን ነው። የሣር ጎጆም ከመብረቅ አያድንም። የሚሻለው ትልቅ በደንብ የተሠራ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው ዝግ መኪና ነው። በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኡጋንዳ ውስጥ ሩንያንያ በተባለ ትምህርት ቤት መብረቅ 18 ተማሪዎችን በክፍላቸው ገድሏል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቻችን የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ይተከል ማለት ቅንጦት መጠየቅ አይደለም።

ከመንግሥት የምንፈልገው

ከመንግሥትም አራት ነገር እንጠይቅ። ለምዕራቡ የሚደርስ ራዳር ይተከል። በየደቂቃው የሚመዘግቡ አውቶማቲክ ጣቢያዎች ይጨመሩ፤ ያሉትም ይጠገኑ። አዲስ አበባ ሳተላይቱን የሚያየው ባለሙያ አደገኛ ደመና ሲያይ አለቃ ሳያስፈቅድ በወረዳችን ምሰሶዎች በኩል በየቋንቋችን አጭር መልእክት እንዲልክ ሥልጣን ይሰጠው። ስልካችን የዘፈንና የዕጣ መልእክት ለማድረስ ካልሰነፈ ይህንም አይሰንፍም። የበረዶና የነፋስ ጉዳት ደግሞ እንደ ድርቅ ጉዳት ይመዝገብ። አሁን በአንዳንድ ቦታ የተሞከረው የሰብል ዋስትና በአብዛኛው የድርቅ ነው፤ ዝናብ አነሰ ብሎ ይከፍላል እንጂ ዝናብ ገደለኝ ለሚል አይከፍልም።

ይህን ስንጠይቅ ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብት ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ዝርዝሩን ደንግጓል። ጣቢያው የተሠራው፣ ደመወዙ የሚከፈለው በእናንተ ግብር ነው። ያ መረጃ የናንተ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍ የቢሮ ሀብት አይደለም።

እንግዲህ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። ራዳሩ ዘንድሮ አይደርስም፤ እወቁት። ስልኩ፣ ደወሉና ደብተሩ ግን ዛሬም በእጃችን ናቸው። ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ የመንዲውን ሰው ስልክ ቁጥር የያዘ ካለ እጁን ያውጣ። ሥራው ከእሱ ይጀምራል።